ሞተሩ ሲንተባተብ፦ ከሻሸመኔ እስከ ኮፈሌ ዳገት

ከሻሸመኔ ተነሥቶ በባሌ መንገድ ወደ ኮፈሌ የሚወጣ ሞተር ሳይክል ከ1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ጀምሮ ከ2,600 ሜትር በላይ ይደርሳል። ይህ ሞተር ሳይክል በጋራዥ የተገጣጠመ፣ ባለ ሁለት ምት ሞተር ያለው ነው እንበል፤ ካርቡራተሩ ከሌላ ሞዴል የመጣ፣ ማርሚታው ማለትም የጭስ ማውጫው በብየዳ የተሠራ። ዳገቱ ላይ ድምፁ ይቆራረጣል፤ ጉልበቱም ይከዳዋል። መካኒኮቻችን «ሚስ ያደርጋል» የሚሉት ይህንን ነው። እንዲህ ላለው ሞተር የሚያገለግል የፋብሪካ መመሪያ መጽሐፍ የለም፤ በግምት የታከመ እንደሆነ ደግሞ ፒስተኑ ሊቀልጥ ይችላል። ስለዚህ ምርመራውን ከፊዚክስ እንጀምራለን።

ባለ ሁለት ምት ሞተር በእያንዳንዱ ዙር አንድ ጊዜ ያቃጥላል፤ በደቂቃ 6,000 ዙር ሲሽከረከር በሴኮንድ 100 ጊዜ ማለት ነው። አዲሱ የቤንዚንና የአየር ድብልቅ ወደ ሲሊንደሩ ሲገባ አሮጌውን ጭስ እየገፋ ያስወጣል፤ ግን ሙሉ በሙሉ አያስወጣውም። ነዳጅ መስጫው ጥቂት ብቻ ሲከፈት የሚቀረው ጭስ ስለሚበዛ አንዳንዱ ዙር ሳይቃጠል ያልፋል። እንግዲህ ቁልቁለት ላይ የሚሰማው መቆራረጥ የሞተሩ ጠባይ እንጂ ብልሽት አይደለም። የሚያሳስበን የዳገቱ ነው።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ሁልጊዜ ካንዴላ ነው። የተለመደው ፈተና ካንዴላውን ፈትቶ፣ ከቴስታታው ብረት ጋር አነካክቶ፣ ሞተሩን መርገጥ ነው (ከቀዳዳው የሚወጣው የቤንዚን ትነት እንዳይቀጣጠል ራቅ አድርጎ መያዝ ይገባል)። ብልጭታ ከታየ «ኤሌክትሪኩ ደህና ነው» ይባላል። ፈተናው ግን ግማሽ ነው። ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ፓሸን በ1889 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው ብልጭታ ለመፍጠር የሚያስፈልገው ቮልቴጅ በጋዙ ግፊትና በክፍተቱ ስፋት ብዜት ይወሰናል። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ብዙ እጥፍ ስለሆነ፣ ውጭ የታየው ብልጭታ ውስጥ ሊከሽፍ ይችላል። ክፍተቱን ከ0.8 ወደ 0.6 ሚሊ ሜትር ስናጠበው ሞተሩ ከተሻለው ቦቢናውን እንጠረጥራለን። በዚሁ ሕግ መሠረት ግን ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ የሚጨመቀውም ግፊት ይቀንሳል፤ ብልጭታው ይቀልለዋል እንጂ አይከብደውም። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የሚብስ መንተባተብ ወደ ሞተሩ ምግብ ይመራናል።

በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት የአየር ጥግግት በሻሸመኔ በባሕር ጠለል ካለው 83 በመቶ፣ በኮፈሌ 77 በመቶ ገደማ ነው። ካርቡራተር አየሩን አይመዝንም፤ ቤንዚን የሚስበው በሚያልፈው አየር በሚፈጠረው የግፊት ልዩነት ነው። በዚህ ምክንያት የአየሩ መጠን በጥግግቱ ልክ ሲቀንስ፣ ቤንዚኑ የሚቀንሰው በጥግግቱ ስኩዌር ሩት ልክ ብቻ ነው። ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡራተር እንግዲህ በሻሸመኔ 10፣ በኮፈሌ 14 በመቶ ገደማ ቤንዚን ያበዛል። ዳገት ላይ በሙሉ ኃይል ነድተን፣ ሞተሩን በድንገት አጥፍተን ካንዴላውን ብንፈታው ጥቁርና እርጥብ ሆኖ እናገኘዋለን። ጤናማው የጠቆረ ማኪያቶ መልክ አለው።

ጥቁር ካንዴላ ያዩ ብዙዎች ዘይት ይቀንሳሉ። ይህ አደገኛ ስሕተት ነው። በ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት የሚጠይቅ ሞተር ዘይቱ ሲቀነስበት፣ በዚያችው ቀዳዳ የሚያልፈው የቤንዚን ድርሻ ይጨምራል፤ ፒስተኑም ቅባት ያጣል። መፍትሔው በካርቡራተሩ ውስጥ ያለችውን የቤንዚን ማለፊያ ቀዳዳ በአንድ ደረጃ አነስ ባለች መቀየርና ካንዴላውን እንደገና ማየት ነው፤ በዚህ መካከል ሌላ ምንም ነገር ሳይነኩ።

መንተባተቡ በሻሸመኔም በኮፈሌም በአንድ የተወሰነ የዙር ፍጥነት ላይ ብቻ ከታየ ግን ወደ ማርሚታው እንዞራለን። በጋለ ጭስ ውስጥ የግፊት ሞገድ በሴኮንድ 500 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ 1 ሜትር ርዝመት ባለው ማርሚታ ደርሶ ለመመለስ 4 ሚሊ ሴኮንድ ይበቃዋል። በ6,000 ዙር አንዱ ዙር የሚፈጀው 10 ሚሊ ሴኮንድ ነው። ሞገዱ በሰዓቱ ከደረሰ ሊያመልጥ የነበረውን ድብልቅ ወደ ሲሊንደሩ ይመልሳል፤ ካለሰዓቱ ከደረሰ ቃጠሎውን ያውካል። የምሥራቅ ጀርመኑ መሐንዲስ ዋልተር ካደን በዚህ ሞገድ ተጠቅሞ በ1961 እ.ኤ.አ. ከኤም ዜድ ባለ 125 ሲሲ ሞተር 25 የፈረስ ጉልበት አውጥቷል። በግምት የተበየደ ማርሚታ እንዲህ ያለ ዕድል እምብዛም አይገጥመውም።

ካንዴላው ነጭ ሆኖ ከወጣ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቤንዚን አንሷል፣ ሙቀቱም ፒስተኑን ያሰጋዋል። ያረጀ የኮሎ ዘይት ማገጃ ጎማ አየር ሲያስገባ ይህ ይከሰታል። ለኮፈሌ ዳገት ትንሿ ቀዳዳ የተገጠመለት ሞተርም በዝዋይና በአዳማ አድርጎ 1,000 ሜትር ከፍታ ወደማይሞላው መተሐራ ሲወርድ፣ ከሻሸመኔው 10 በመቶ ያህል የሚበልጥ አየር ያገኛል። ስለዚህ ቁልቁል ከመነሣቱ በፊት የቀድሞዋ ቀዳዳ ወደ ቦታዋ መመለስ አለባት።