ጥንብ አንሳውን ማን ቆጠረው?



የማስተምርበት ትምህርት ቤት ለከተማችን ቄራ ቅርብ ነው። አንድ ቀን ተማሪዎቼ የቄራው ጣሪያ ላይ ያረፉ ጥቂት ጥንብ አንሳዎችን ሲመለከቱ አንዱ ዞር ብሎ፣ “ቲቸር፣ እርስዎ ልጅ ሳሉ ስንት ነበሩ?” ሲል ጠየቀኝ። “ኧረ ብዙ ነበሩ!” አልኩት። “ብዙ ስንት ነው?” ቢለኝ መልስ አጣሁ። ጣሪያውን ሞልተውት አይ ነበር እንጂ ቆጥሬያቸው አላውቅም። የቆጠረ ሰውም አላውቅም።

ነገሩ ተራ ጥያቄ ሊመስል ይችላል። ይሁንና “ብዙ” የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚያዘናጋ ከህንድ መማር ይቻላል። በዚያ አገር ጥንብ አንሳ ከመብዛቱ የተነሳ አንድ ቀን ያልቃል ብሎ የሚሰጋ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ግን ቁጥሩ በድንገት አሽቆለቆለ። ይህ የታወቀው ባራትፑር በሚገኘው ብሔራዊ ፓርክ ቀደም ሲል የተመዘገበ ቁጥር ስለነበረና ወፎቹ በዚያው ስፍራ ዳግም ስለተቆጠሩ ነው። ከዝርያዎቹ አንዱ በ15 ዓመታት ውስጥ ከመቶ 99 እጁ በላይ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2004 ምክንያቱ ታወቀ። ለከብት የሚሰጠው ዳይክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ ነበር። መድኃኒቱን የወሰደ ከብት ሲሞት ሥጋውን የበላ ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ ተበላሽቶ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ2006 ህንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ ከለከሉ። የፊተኛው ቁጥር ባይጻፍ ኖሮ ጉዳቱን በምን ይለኩት ነበር?

በእኛም አገር በየቄራውና በየቆሻሻ መጣያው የምናየው፣ ቀጭን ምንቃር ያለው ትንሹ ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርያዎች ተርታ ተመድቧል። በአፍሪካ ለውሻና ለአውሬ ተብሎ በሥጋ የሚጣል መርዝ ከዋና ዋና ገዳዮቹ አንዱ ነው። ይህ ወፍ ባይኖር ጥንቡን ማን ያነሳልናል?

ታዲያ ቆጠራው የማን ሥራ ነው? የተማሩ ሊቃውንት ብቻ እንዳይመስለን። በአሜሪካ በገና ሰሞን ወፍ በመግደል የመወዳደር ልማድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1900 ፍራንክ ቻፕማን የተባለ የወፍ ተመራማሪ “ከመግደል እንቁጠር” ሲል ሐሳብ አቀረበ። በዚያ ዓመት 27 ሰዎች በ25 ቦታዎች ቆጠሩ። ቆጠራው ዛሬም አልተቋረጠም፤ ተሳታፊዎቹም በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ።

ወደ አገራችን ስንመለስ ባሌን እናገኛለን። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 ያነሰ ሲሆን ከግማሽ በላዩ የሚኖረው በባሌ ተራሮች ነው። የአካባቢው ተወላጆች ሠልጥነው በፈረስ እየተዘዋወሩ ይከታተሉታል፤ ስንት እንደተወለደ፣ ስንት እንደሞተ ይመዘግባሉ። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሾች ወደ ቀበሮዎቹ ሲተላለፍ፣ የሞተ ቀበሮ መገኘቱ ቶሎ ከተነገረ ክትባት ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2003 በሽታው በተነሳ ጊዜም የተደረገው ይኸው ነው።

እኛም ከዚያ ጥያቄ በኋላ አንድ ደብተር ገዝተን ጀመርን። ሥልጠናው ከባድ አይደለም። ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ ለግማሽ ሰዓት ይቆጠራል። ሁለት ልጆች ለየብቻ ቆጥረው ያስተያያሉ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የአየሩ ሁኔታና የቆጣሪው ስም ይጻፋል። ወፍ አይነካም፤ ሞቶ ከተገኘ ለአዋቂ ይነገራል። አንድም ካልታየ “0” ይጻፋል፤ ምክንያቱም “ሄጄ አጣሁ” ማለት ራሱ ትልቅ ወሬ ነው።

አንድ ዝናባማ ቅዳሜ ግን አንዱ ተማሪ ሳይሄድ ቀረና ያለፈውን ሳምንት ቁጥር ገልብጦ ጻፈ። ጓደኛው ነገረኝ። ልጁን አልተቆጣሁትም። እኛ በመድረሳ “ሰማሁ” ስንል ኡስታዛችን “ከማን?” ብሎ ሳይጠይቅ እንደማያልፈን አጫወትኩት። ከዚያም “ካልሄድክ መስመሩን ባዶውን ተወው። ባዶ መስመር ማንንም አያሳስትም፤ ያላየኸው ቁጥር ግን ከእኛ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ያሳስታል። ይህ ደብተር አማና ነው” አልኩት። ራሱ ሰረዘውና “አልሄድኩም” ብሎ ጻፈበት። ከደብተሩ መስመሮች ሁሉ እጅግ የምወደው ይህንን ነው።

ወላጆች ሆይ! ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶና በሳምንት ግማሽ ሰዓት ነው። ጥንብ አንሳ ባይኖር በግቢያችሁ ዛፍ የምታርፈው ርግብ፣ በወንዙ ዳር የሚጮኸው ጋጋኖ አለ። ኢንሻአላህ ልጆቻችን አድገው መምህር ሲሆኑ ተማሪ “ስንት ነበሩ?” ብሎ ይጠይቃቸዋል። እነርሱ እንደኔ “ብዙ” አይሉም፤ ደብተራቸውን ይገልጣሉ።