ስለ ፖርቶ መጋላ ሥራ

የሲ.ኤም.ሲ. ሰፈር በኢጣልያዊ የሥራ ተቋራጭ ስም እንደሚጠራ ሁሉ፣ ፖርቶ መጋላ የሚለውም ቃል የመጣው ከኢጣልያንኛ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን መኪና አሰናድቶ ማቆየት ግድ ሆኗል። ጎብኚዎችን ወደ ስሜንና ወደ ዳናክል ለሚያደርስ ላንድክሩዘርም ፖርቶ መጋላውን፣ የጀሪካን ማሰሪያውንና መሰላሉን ከውጭ ከማስመጣት ይልቅ በሰፈር በያጅ ማሠራት የተለመደ ነው።

ይህ የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን ብየዳ አደራ አለበት። ዚንክ በተለበጠ ቱቦ ላይ ዚንኩ በ907 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይተናል፤ ብረቱ ግን የሚቀልጠው 1,500 ገደማ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ዚንኩ ሳይፋቅ የተበየደ መጋጠሚያ ውስጡ ቀዳዳ ሊያበጅ ይችላል፤ በያጁም ጢሱን ስቦ ማታ በትኩሳት ይንቀጠቀጣል። ጥቁሩ ቱቦላሬ ይሻላል፤ ዝገቱን ቀለም ይከላከለዋል።

ክብደቱም አለ። ውሃ የሞሉ አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች ብቻ 80 ኪሎ ናቸው፤ የብረቱ ክብደት ገና አልተቆጠረም። ጣራው የሚችለው በመኪናው መምሪያ መጽሐፍ ተጽፎ ሳለ፣ ማን ገልጦ ያየዋል?

አስመጪዎችም የቱቦላሬውን ውፍረት በሚሊሜትር በደረሰኙ ላይ ቢጽፉ፣ ባለሱቁም በያጁም የገዛውን ለይቶ ያውቃል።