ተጨማሪ መረጃ፦ አርባ ስምንቱ ሰዓት

በወንጀል ተጠርጥሮ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የሚለው ይህንን ነው። ከዚህ ቁጥር ውጭ የተደረገው ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው፤ «መርማሪው የለም» ወይም «ሰኞ ተመለሱ» የሚል ምክንያት በአንቀጹ ውስጥ የለም። ጊዜው ካለፈ የተያዘው ሰው አካሉ ነፃ እንዲወጣ ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይችላል። ስንቅ ቋጥሮ ጣቢያ በር ላይ የሚውል ቤተሰብ ይህን ቢያውቅ ምንኛ በጠቀመው! የተያዘው ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል፤ ዝም የማለት መብትም አለው። ተገድዶ የሰጠው የእምነት ቃል ማስረጃ ሆኖ ተቀባይነት አያገኝም።