መኪናው ከመነሣቱ በፊት

አንድ አጥቢያ ትምህርት ቤት ወይም የሚከራይ ሕንፃ መሥራት በጀመረ ጊዜ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የሥራ ቦታ ይሆናል። አሸዋና ድንጋይ የጫነ ገልባጭ መኪና ይገባል፤ ሲሚንቶ በአይሱዙ ይመጣል፤ የኮሚቴው አባላት በፒክአፕ ወደ ወረዳ ይመላለሳሉ። አደጋ ሲደርስ ጣት የሚቀሰረው በሾፌሩ ላይ ነው። ነገር ግን ሾፌሩ መቼ እንደሚነሣ፣ ምን ያህል እንደሚጭንና ማንን እንደሚያሳፍር የሚወስነው ብዙውን ጊዜ ኮሚቴው በመሆኑ፣ ጥንቃቄውም ከዚያው ሊጀምር ይገባል።

በእኛ ዘንድ ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ድካም ነው። በክብረ በዓል ሌሊት ማኅሌት ቆሞ ያደረ፣ ቅዳሴም ያስቀደሰ ሾፌር ከሰዓት በኋላ እንግዶችን ወደ ከተማ እንዲመልስ ሲታዘዝ «እሺ አባቶቼ» ይላል እንጂ «እንቅልፍ ይዞኛል» አይልም። 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ንቃቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ በጥናት ታይቷል። ጠላ ያልቀመሰ ጾመኛም እንደ ጠጪ ሊነዳ ይችላል ማለት ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል፤ የሾፌሩ ዓይን ለሦስት ሰከንድ ቢከደን መኪናው 50 ሜትር ያህል ያለ ነጂ ሄደ። ስለዚህ ማኅሌት የቆመ ሰው በዚያ ቀን ባይነዳ ይመረጣል፤ ሌላ ሾፌር ይፈለግ፣ ካልተገኘም እንግዶቹ ይደሩ። ወጪው ከበዓሉ በጀት ጋር አስቀድሞ ቢታሰብ አይከብድም። በጾም ወራትም ረጅም ጉዞ በማለዳ ተጀምሮ ከቀትር በፊት ቢያልቅ መልካም ነው።

ሁለተኛው አደጋ ወደ ኋላ የሚሄድ መኪና ነው። የጭነት መኪና ስፖኪዮ ጎንና ጎኑን እንጂ ከጭነቱ በስተኋላ ያለውን አያሳይም። በቤተ ክርስቲያን ግቢ ደግሞ ዐይኑን ጨፍኖ ወደ ቅጥሩ ዞሮ የሚጸልይ፣ ጥላ ሥር የተቀመጠ አረጋዊ፣ የሚሯሯጥ የአብነት ተማሪ አይጠፋም። በቅዳሴና በጸሎት ሰዓት ጭነት እንዳይገባ ማድረግ የመጀመሪያው ነው። ከዚያም ምልክት የሚሰጥ አንድ ሰው ይመደብ፤ አንድ ብቻ፣ ሦስት ሰው በአንድነት «ና! ና!» ሲል ሾፌሩ ይደናገራልና። ይህ ሰው በስፖኪዮው በሚታይበት በጎን በኩል ይቁም እንጂ ከመኪናው በስተኋላ አይቁም። ሾፌሩም እርሱን ማየት ባቆመበት ቅጽበት መኪናውን ያቁም። ተዳፋት ላይ ሲራገፍ የእጅ ፍሬን ብቻውን አይታመንም፤ ጎማው ሥር ታኮ ይደረግ።

በሲሚንቶ ከረጢት ላይ ሠራተኛ ማሳፈር፣ ለንግሥም ምእመናንን በጭነት መኪና ማጓጓዝ «ለበረከት ነው» ተብሎ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም። ፍሬን በድንገት ሲያዝ በጭነቱ ላይ ያለውን ሰው የሚይዘው ነገር የለም።

መኪና በኪራይ ሲመጣ ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት የሾፌሩ መንጃ ፈቃድ ለዚያ ዐይነት ተሽከርካሪ የተሰጠ መሆኑ፣ ቦሎውና የሦስተኛ ወገን መድኑም ጊዜው ያላለፈ መሆኑ ይታይ። መድኑን ሕጉ ግዴታ አድርጎታል።

በመጨረሻም ኮሚቴው በቃለ ጉባኤው አንድ ውሳኔ ቢያሰፍር እንመክራለን፦ ሾፌር ደክሞኛል ብሎ «ዛሬ አልነዳም» ቢል የዕለቱ አበል አይቀነስበትም።