የበረዶ ተንሸራታችና የእንዝርት ሕግ

በካርቱም ከተማ፥ በዐማራት ሰፈር ለኖረ ሰው በረዶ ማለት ሙቀቱ ሳያቀልጠው ፈጥኖ ወደ ብርጭቆ የሚገባ ነገር ነው። ስለት ያለው ጫማ አጥልቆ በበረዶ ላይ መንሸራተትና መሾርማ የሩቅ አገር ጨዋታ ነው። ሆኖም ጨዋታውን የሚገዛው የተፈጥሮ ሕግ ለካርቱምም ሆነ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ጦርነቱ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከመነሣቱ በፊት በነበሩት ዓመታት፥ የዐማራት ነዋሪ ነጭ ዐባይን ተሻግሮ ኦምዱርማን ቢደርስ፥ ዐርብ ዐርብ ወደ ማታ በሼክ ሐመድ አል-ኒል መቃብር አጠገብ ደርቪሾች ፈጣሪን እያወሱ ሲሾሩ ይመለከት ነበር። እናቶቻችንም ጥጥ ሲፈትሉ እንዝርቷን አንድ ጊዜ በጣት ካሾሯት በኋላ ብቻዋን ስትሾር እናያለን።

ለመሆኑ ምስጢሩ ምንድን ነው? የሚሾር አካል ከውጭ የሚገፋው ወይም የሚገታው ነገር ከሌለ፥ የያዘው የሽክርክሪት ብዛት አይጨምርም፥ አይጎድልምም። ይህንንም ብዛት የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው የመሾር ፍጥነቱ፥ ሁለተኛው የአካሉ ክብደት ከመሾሪያው ዘንግ የራቀበት መጠን ነው። ስለዚህ ክብደቱ ወደ ዘንጉ ሲሰበሰብ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ሲዘረጋም ይቀንሳል። የርቀቱም ኀይል ታላቅ ነው፤ ርቀቱ በግማሽ ቢያንስ፥ ያ ክብደት ለመሾር የሚያሳየው እንቢታ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል።

አንባቢ ይህን በቢሮው ሊፈትነው ይችላል። በሚሾር ወንበር ላይ ይቀመጥ፤ በሁለት እጁ መጽሐፍ ይዞ ክንዶቹን ይዘርጋ፤ ባልደረባውም ቀስ አድርጎ ያሹረው። ከዚያ በኋላ መጽሐፎቹን ወደ ደረቱ ቢስብ ወንበሩ በድንገት ይፈጥናል። ተጨማሪውን ጉልበት የሰጡት ክንዶቹን የሳቡት ጡንቻዎች ናቸው።

የበረዶ ተንሸራታችም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ከበረዶው ሲነሣ ሽክርክሪቱን ይዞ ይነሣል፤ በአየር ላይ ሳለ የሚገፋው መሬት ስለሌለ ምንም ሊጨምርበት አይችልም። ያለው ምርጫ ክንዶቹን በደረቱ ላይ አጥፎ፥ እግሮቹን አጣብቆ እንደ እንዝርት መቅጠን ነው። ሊያርፍ ሲልም ፍጥነቱን ለማብረድ ክንዶቹን ይዘረጋል። አሜሪካዊው ኢሊያ ማሊኒን በመስከረም 2015 ዓ.ም. በሌክ ፕላሲድ ከተማ፥ አንድ ሰከንድ እንኳ በማይሞላ ዝላይ ውስጥ 4 ጊዜ ተኩል ሾሮ በእግሩ በማረፍ፥ ይህን በውድድር ያደረገ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

ከዚህ ሕግ ግን አንድ አሳሳቢ ነገር ይከተላል። የልጅ ሰውነት ቀጭንና ቀላል ስለ ሆነ በቀላሉ ይሾራል፤ ትከሻና ዳሌ ሲሰፋ ያው ዝላይ ይከብዳል። ስለዚህ አሠልጣኝ አጥንቱ ገና ያልጠና ልጅ ወደ ከባድ ዝላይ እንዲገፋ ይፈተናል። በእያንዳንዱ ማረፊያም እግር የሚሸከመው ኀይል የሰውነትን ክብደት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ዓለም አቀፉ የበረዶ ሸርተቴ ማኅበር በ2014 ዓ.ም. ለአዋቂዎች ውድድር የሚፈቀደው ዝቅተኛ ዕድሜ ከ15 ወደ 17 ዓመት በደረጃ ከፍ እንዲል የወሰነው፥ የተወዳዳሪዎችን የአካልና የአእምሮ ጤና ለመጠበቅ ነው።

እንግዲህ የተፈጥሮ ሕግ ልጅ ፈጥኖ እንዲሾር ይፈቅዳል፤ አጥንቱ እስኪጠና መታገሥ ግን የወላጅና የአሠልጣኝ ፋንታ ነው።