ሕግ ሳይጸድቅ ይመርመር

የዶርዜና የአካባቢዋ አድማጮቻችን! በሉ፣ ደብተራችሁን ያዙ። የዛሬው ትምህርታችን ስለ ረቂቅ ሕግ ነው።

እናንተ ሸማኔዎች ታውቁታላችሁ። ጋቢ ሊሠራ የተነሳ ሰው አስቀድሞ ድሩን ይዘረጋል። የተበጠሰ ክር አለ ወይ ብሎ ያያል። ካለ ይቀጥለዋል። ጋቢው ካለቀ በኋላ ማረም ከባድ ነዋ! ሕግም እንደዚሁ ነው።

ገና ያልጸደቀ ሕግ ረቂቅ ይባላል። ረቂቁን አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርበው መንግሥት ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይቀበለውና ለቋሚ ኮሚቴ ይመራዋል። ቋሚ ኮሚቴ ማለት ረቂቁን በዝርዝር የሚያዩ ጥቂት የምክር ቤት አባላት ናቸው። ሕዝብ ጠርተው ሊያወያዩም ይችላሉ። በዱቡሻ ሳይመከርበት ነገር ይቆረጣል እንዴ? አይቆረጥም።

ታዲያ ረቂቁን በምን ይመዝኑታል? ሚዛኑ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ነው። ከአንቀጽ 13 እስከ አንቀጽ 44 ያለው ክፍል የሰብአዊ መብት ክፍል ነው። ሰብአዊ መብት ማለት ሰው በመሆናችን ያለን መብት ነው። አንቀጽ 35 ሴቶች ከወንዶች እኩል ናቸው ይላል። አንቀጽ 36 ሕፃናት ጉልበታቸው እንዳይበዘበዝ ይጠብቃል። አንቀጽ 31 ለመደራጀት መብት ይሰጣል። አንቀጽ 9 ደግሞ ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን ሕግ አይሠራም ይላል።

የተበጠሰ ክር ሳይቀጠል ቢያልፍስ? አንድ ምሳሌ እንንገራችሁ። በ2001 ዓ.ም. ምክር ቤቱ አዋጅ ቁጥር 621ን አጸደቀ። አዋጁ ከገቢው ከመቶ 10 በላይ ከውጭ አገር የሚያገኝ ማኅበር በሰብአዊ መብት ሥራ እንዳይሰማራ ከለከለ። ይህ የመደራጀትን መብት ይነካል ብለው አስቀድመው የተናገሩ ነበሩ። አዋጁ ግን አለፈ። ብዙ ማኅበራት የመብት ሥራቸውን ተዉ። ለሴቶች ነፃ የሕግ ምክር መስጠት እንኳ ጠበበ። ባሏ የደበደባት ሴት ወዴት ትሂድ? አዋጁ ተሽሮ በአዋጅ ቁጥር 1113 የተተካው በ2011 ዓ.ም. ነው። ክሩን ለመቀጠል 10 ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

በእርግጥ ሕግ ከጸደቀ በኋላም አቤት ማለት ይቻላል። አቤቱታው ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ይቀርባል። የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ነገር ግን አስቀድሞ ማየት ይሻላል።

የእኛስ ድርሻ ምንድን ነው? የመረጥነውን ተወካይ፣ «ይህ ረቂቅ ከየትኛው መብታችን ጋር ይጋጫል?» ብለን መጠየቅ ነው። ለመጠየቅ ደግሞ ማንበብ ያስፈልጋል። ፊደል የቆጠራችሁትም ለዚሁ ነው።

ጥያቄ፦ ረቂቅ ማለት ምን ማለት ነው? አንቀጽ 9 ምን ይላል? መልሳችሁን ጽፋችሁ ለጎረቤታችሁ አንብቡለት። ደህና ሰንብቱ።