አድማ የማይመታ ማኅበር

አንደኛው የዓለም ጦርነት ገና አላበቃም። ኦገስት 30 ቀን 1918 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የለንደን ፖሊሶች ሥራ አቆሙ። 12 ሺህ ያህሉ ከየጣቢያቸው ወጡ። ጥያቄያቸው ሦስት ነበር፦ የኑሮ ውድነት የበላው ደመወዝ ይስተካከል፣ ማኅበራችን ዕውቅና ያግኝ፣ በማኅበር ሥራው የተባረረው ኮንስታብል ቶሚ ቲል ይመለስ። ጠቅላይ ሚኒስትር ሎይድ ጆርጅ በማግስቱ ወኪሎቻቸውን አነጋገሩ። ደመወዙ ተጨመረ፣ ቲል ተመለሰ፣ የለንደኑ ኮሚሽነር ሰር ኤድዋርድ ሄንሪም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። የዕውቅናው ጥያቄ ግን በጦርነት ጊዜ አይሆንም ተብሎ ታለፈ፤ ፖሊሶቹም ጦርነቱ ሲያበቃ ይሆናል ብለው ተረዱት።

ጦርነቱ ካበቃም በኋላ አልሆነም። በ1919 አጋማሽ መንግሥት በአንድ እጁ ጥሩ የደመወዝ ጭማሪ፣ በሌላው የሠራተኛ ማኅበር የሚከለክል ረቂቅ ሕግ ይዞ መጣ። ፖሊሶቹ እንደገና አድማ መቱ። በዚህኛው ግን በለንደን የወጣው ከአንድ ሺህ ብዙም አልዘለለም፤ ደመወዙ ብዙዎቹን አሳምኗቸዋል። በሊቨርፑል ግማሽ ያህሉ ወጡ፣ ሱቆች ተዘረፉ፣ ወታደርና ታንክ ወደ ከተማዋ ገባ፣ የጦር መርከብም ወደ መርሲ ወንዝ ተላከ። በየከተማው ያደሙት ከ2,300 በላይ ፖሊሶች በሙሉ ተባረሩ፤ ጡረታቸውም አብሮ ቀረ። አንድም ሰው ወደ ሥራው አልተመለሰም።

ዛሬ የእንግሊዝና የዌልስ ፖሊስ ፌደሬሽን የሚባለው ማኅበር የተወለደው በዚያው ዓመት በወጣው ሕግ ነው። ፖሊስ የሠራተኛ ማኅበር አባል እንዳይሆን ከልክሎ በምትኩ ይህን ማኅበር ያቋቋመው ራሱ ሕጉ ነው። በ43 የፖሊስ ኃይሎች ውስጥ ከኮንስታብል እስከ ዋና ኢንስፔክተር ያሉትን ከ140 ሺህ በላይ ፖሊሶች ይወክላል። ያልተጻፈው ውል ግልጽ ነበር፤ እናንተ አድማ አትመቱም፣ እኛም እንሰማችኋለን።

መንግሥት ይህን ውል እንዴት እንደጠበቀው ለማየት 2007ን መመልከት ይበቃል። የግልግል ጉባኤ የ2.5 በመቶ ጭማሪ ወሰነ፤ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ ጃኪ ስሚዝ ግን የሚከፈልበትን ጊዜ ከሴፕቴምበር ወደ ዲሴምበር ገፉት፤ በዓመት ሲሰላ 1.9 በመቶ ሆነ። ገንዘቡ ትንሽ ነው። ነገር ግን አድማ የተከለከለ ሠራተኛ ያለው ብቸኛ ዋስትና የገላጋዩ ቃል ነው፤ እሱም ከታጠፈ ምን ይቀረዋል? በጃንዋሪ 2008 ከ20 ሺህ በላይ ፖሊሶች ከሥራ ሰዓታቸው ውጭ ለንደን ላይ ተሰለፉ። በ2013 ማኅበሩ አድማን ጨምሮ የሠራተኛ መብቶችን እንጠይቅ ወይ ብሎ አባላቱን አስመረጠ። ድምፅ ከሰጡት 81 በመቶዎቹ አዎ አሉ፤ ነገር ግን የመረጡት 42 በመቶ ብቻ ስለነበሩ የጠቅላላ አባላቱ ግማሽ አልሞላም፣ ሐሳቡም ወደቀ።

ሰልፍና ድርድር በጋዜጣ ይወጣል። የማኅበሩ ትልቁ ሥራ ያለው ግን በየአካባቢው ቅርንጫፍ ነው፣ በባልደረቦቹ ተመርጦ ከፖሊስነቱ ጋር ወኪልነቱን በሚያስኬደው ሰው እጅ። አንድ ኮንስታብል ላይ አቤቱታ ሲቀርብበትና ምርመራ መከፈቱን የሚገልጸው ወረቀት ሲደርሰው መጀመሪያ የሚደውለው ለዚህ ሰው ነው። ፖሊሱ ቃል ሲሰጥ ወኪሉ አብሮት ይቀመጣል፣ መርማሪዎቹ ደንቡን መከተላቸውን ያያል፣ ጠበቃ ያገናኘዋል። ከሥራ የታገደ ፖሊስ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ነው፤ የሥራ ጓደኞቹ በጉዳዩ እንዳይነካኩ ፈርተው ይርቁታል። ያን ጊዜ ስልክ ደውሎ ‹‹እንዴት አደርክ?›› የሚለው ብዙ ጊዜ ወኪሉ ብቻ ነው። ምርመራው ደግሞ ለዓመታት ሊጎተት ይችላል፤ ጥፋት ያልተገኘበት ሰው ትዳሩንም ጤናውንም አጥቶ ይመለሳል። ማኅበሩ ምርመራ በ12 ወር ይለቅ እያለ ሲወተውት ቆይቷል። የ2020ው ደንብ ይህን ባይፈቅድም ከ12 ወር ያለፈ ምርመራ ለምን እንደዘገየ በጽሑፍ እንዲብራራ አስገድዷል። አቤቱታ አቅራቢውም እኮ የሚጠብቀው ያንኑ ውሳኔ ነው፤ የዘገየ ምርመራ ሁለቱንም ይጎዳል።

ከማኅበሩ ጋር የምለያይበት ቦታም አለ። በ2005 ዣን ቻርለስ ደ ሜኔዜስ የተባለ ንጹሕ ብራዚላዊ ለንደን ውስጥ በፖሊስ ጥይት ሲሞት፣ በቦታው የነበሩት መሣሪያ የያዙ ፖሊሶች ያዩትን እየተመካከሩ ነበር የጻፉት። ከዚያ በኋላ በፖሊስ ላይ የሚነሱ ጉዳዮችን የሚመረምረው አካል ፖሊሶቹ ቃላቸውን እስኪሰጡ ተለያይተው ይቆዩ ሲል ፌደሬሽኑ ተቃወመ፤ ምስክርን እንደ ተጠርጣሪ ማየት ነው አለ። ሰው ተኩሶ የገደለ ፖሊስ መደንገጡን አልክድም፤ ሐኪምም ጠበቃም ይገባዋል። ነገር ግን ለሌላው ምስክር የማይፈቀደው ምክክር ለእሱ ብቻ ከተፈቀደ የሟች ቤተሰብ ቃሉን እንዴት ይመነው? እውነቱን ለሚናገር ፖሊስም ይህ ምክክር ጥርጣሬ እንጂ ጥቅም አያመጣለትም።

ማኅበሩ በራሱ አባላት ዘንድም ተፈትኗል። በሰር ዴቪድ ኖርሚንግተን የተመራው ቡድን በጃንዋሪ 2014 ባወጣው ሪፖርት 36 የማሻሻያ ሐሳቦች አቀረበ፤ ከተጠየቁት አባላት 91 በመቶው ማኅበሩ እንዲህ ሊቀጥል አይችልም ብለው ነበር። ቅርንጫፎች ዝርዝሩ የማይታወቅ ገንዘብ አከማችተዋል፤ ከአባላቱ አብዛኞቹ የሆኑት ኮንስታብሎች ከላይኞቹ ማዕረጎች ጋር እኩል ወንበር ብቻ ነበራቸው። በሜይ ወር የወቅቱ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ቴሬዛ ሜይ ቦርንማውዝ በተካሄደው ጉባኤ ላይ ቆመው የመንግሥት ድጎማ እንደሚቋረጥ፣ ማንም ፖሊስ ሳይጠየቅ አባል መሆኑም እንደሚቀር ተናገሩ። ጉባኤተኛው በዚያው ቀን 36ቱንም ተቀበለ። ሆኖም ከዚያ በኋላም ችግር አልጠፋም። በ2015 የተለወጠው የጡረታ ሥርዓት ወጣት ፖሊሶችን ይጎዳል ብለው መንግሥትን የከሰሱት አባላት ከማኅበራቸው ድጋፍ አላገኙም፤ በራሳቸው ወጪ ሄዱ። በ2023 የሥራ ክርክር ሰሚ ጉባኤ ፌደሬሽኑ በእነዚያ አባላት ላይ አድልዎ እንደፈጸመ ወሰነ። ወኪል ራሱ በወከላቸው ሰዎች ሲከሰስ ማየት ያሳዝናል።

ይህ ሁሉ ከእኛ አገር ያን ያህል የራቀ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1963 ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት 87ኛ ስምምነት የፖሊስን የመደራጀት ጉዳይ ለየአገሩ ሕግ ይተዋል፤ በ2019 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጃችንም የፖሊስ አባላትን ከወሰኑ ውጭ አድርጓቸዋል። ሰልፉንና ድርድሩን ከእንግሊዝ እንቅዳ አልልም፤ ያ የራሳቸው ታሪክ ያመጣው ነው። የምመኘው አንዱን ሥራ ብቻ ነው፦ በአለቃው የዲሲፕሊን ክስ የቀረበበት ተራ ኮንስታብል ባልደረቦቹ የመረጡትን፣ ደንቡን የሚያውቅና ለዚያው አለቃ የማያጎበድድ ሰው አጠገቡ አስቀምጦ ቃሉን እንዲሰጥ።